የሕፃናት ጆሮ ሕመም፦ የሚያልፈውና የማያልፈው

ትንንሽ ልጆችን ወደ ጤና ተቋም ከሚያመላልሱ ሕመሞች አንዱ የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ነው። አመጣጡን ብዙ ቤት ያውቀዋል። ልጁ ሁለት ሦስት ቀን አፍንጫው ሲፈስ ይሰነብትና ተሻለው ሲባል ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። ያተኩሰዋል፤ ጡት ይይዝና እያለቀሰ ይለቃል፤ ጋደም ሲያደርጉት ይብስበታል። አያት «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት «ብርድ መቶት ነው» ትላለች። ብዙ ጊዜ ነገሩ ከጆሮ መሆኑ የሚታወቀው ጠዋት ትራሱ ላይ መግል የቀላቀለ ፈሳሽ ሲታይ ነው።

ይህ ሕመም ምን ያህል ልጆችን ይይዛል? ብዙ አገሮች ለጥያቄው ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሮቹ ግን እርስ በርስ አይገጥሙም። ለምን እንደማይገጥሙ ሲመረመር፣ «የጆሮ ኢንፌክሽን» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያየ መጨረሻ ያላቸው ሕመሞች መሆናቸው ይታያል። አንዱ አብዛኛውን ልጅ የሚነካና ብዙ ጊዜ በራሱ የሚያልፍ ነው። ሌላው ጥቂቶችን፣ ያውም በአመዛኙ የድሃ ልጆችን ይዞ ለወራትና ለዓመታት የሚቆይ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ለመጀመሪያው ከሚገባው በላይ መድኃኒት ሲያዙ ኖረዋል። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ደግሞ ሁለተኛው የሚገባውን ያህል ሳይታከም ኖሯል።

ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳ ሕመም

ጆሮ ሦስት ክፍል አለው። ውጫዊው ከሚታየው አንስቶ እስከ ታምቡሩ ያለው ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ያለችው አየር የያዘች ትንሽ ክፍተት መካከለኛው ጆሮ ትባላለች፤ ድምፅ የሚያስተላልፉት ሦስቱ ጥቃቅን አጥንቶች ያሉት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ውስጠኛው ጆሮ አለ። መካከለኛው ጆሮ አየሩን የሚያድሰው ከአፍንጫ ጀርባ በሚነሳ ቀጭን ቱቦ በኩል ነው። ስናዛጋ ወይም አውሮፕላን ላይ ሆነን ምራቅ ስንውጥ ጆሯችን የሚከፈትልን በዚሁ ቱቦ ነው።

በአዋቂ ሰው ይህ ቱቦ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ ቁልቁል ስለሚወርድም ፈሳሽ አያቆይም። የሕፃን ቱቦ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ተዳፋት እንደሌለው ቦይም የገባበትን ያቁራል። ልጁ ጉንፋን ሲይዘው ቱቦው ያብጥና ይዘጋል። ውስጥ የቀረው አየር ይመጠጣል፣ በቦታው ፈሳሽ ይጠራቀማል። ከአፍንጫ ጀርባ በሰላም የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ኒሞኮከስ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛና ሞራክሴላ የተባሉት፣ ወደዚያ ይዘልቁና ይራባሉ። መግሉ ታምቡሩን ይወጥረዋል፤ ልጁን የሚያስጮኸው ይህ ውጥረት ነው። ግፊቱ ሲበረታ ታምቡሩ ይበሳና መግሉ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ይለቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይደፈናል።

በየቤቱ የሚነገሩ አንዳንድ ምክንያቶች ከዚህ አንፃር አይጸኑም። ታምቡሩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ሲታጠብ ጆሮው የገባ ውሃ ወደ መካከለኛው ጆሮ አይዘልቅም፤ ንፋስም ኢንፌክሽን ይዞ አይገባም። «ጆሮ ደግፍ» የሚባለውም ሌላ በሽታ ነው፤ እሱ በቫይረስ የሚመጣ የምራቅ ዕጢዎች እብጠት እንጂ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም አይደለም።

ቆጠራው ምን ይላል?

በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር ከአሜሪካዋ ቦስተን የመጣ ነው። ቲልና ክላይን የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ ተከታትለው ውጤቱን እ.አ.አ. በ1989 አሳተሙ። ከልጆቹ 62 በመቶው አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንዴ ታመዋል። ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የታመሙት 83 በመቶ ደረሱ፤ 46 በመቶው ደግሞ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ታመዋል። «በጆሮ ያልታመመ ልጅ የለም» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር አካባቢ ተመሳሳይ ክትትል ተደረገ። በ2017 የታተመው ይህ ጥናት ቁጥሩን በብዙ ዝቅ አደረገው። አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የታመሙት 23 በመቶ፣ እስከ ሦስት ዓመት 60 በመቶ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የታመሙት ደግሞ 24 በመቶ ሆኑ።

ዓለም አቀፉን ግምት ያወጡት በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን አባላት ናቸው። በ2012 ባሳተሙት ስሌት በዓመት 709 ሚሊዮን ያህል አጣዳፊ የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን ይከሰታል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ ነው። ልዩነቱ የጎላው በአካባቢ ሲከፋፈል ነው። በመካከለኛው አውሮፓ ከ100 ሰው በዓመት 4 የማይሞላ ሲያዝ፣ በምዕራብ አፍሪካ 43 ይያዛል። ይኸው ቡድን ወደ ሥር ሰደድነት የሚያልፈውን ለብቻው ሲቆጥር በዓመት 31 ሚሊዮን አዳዲስ ሕሙማንን አገኘ። በመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን ጠንቅ የሚሞቱትን ደግሞ 21 ሺህ ያህል ብሎ ገመተ። የድሆቹ አገሮች አሐዝ የተሠራው ከጥቂት ጥናቶች ተነስቶ በሒሳብ ስለሆነ እንደ ግምት መወሰድ አለበት።

በቦስተንና በሮቸስተር መካከል ያለው ልዩነት ሙሉ በሙሉ የበሽታው መቀነስ አይደለም፤ የመመርመሪያው መስፈርትም ጠብቋል። ጤነኛ ታምቡር በጆሮ መመልከቻ መሣሪያ (ኦቶስኮፕ) ሲታይ ግራጫና ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው። ልጅ ሲያለቅስ ወይም ሲያተኩሰው ታምቡሩ ሊቀላ ይችላል፤ በፊት ይህ መቅላት ብቻውን «ኢንፌክሽን» ተብሎ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ባሻሻለው መመሪያ ግን ታምቡሩ ከጀርባው ባለ መግል ተገፍቶ ወደ ውጭ ማበጥ ወይም ከጆሮው አዲስ ፈሳሽ መውጣት እንዳለበት አስቀመጠ። ታምቡሩ ያበጠው በመጠኑ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሕመም ወይም ብርቱ መቅላት አብሮት ሊኖር ይገባል።

በኢትዮጵያ ቆጠራው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ኦቶስኮፕ በጤና ኬላ አይገኝም፤ ያልፈሰሰ ጆሮ ደግሞ ካልታየ አይታወቅም። ሌሊቱን አልቅሶ ያደረ ልጅ ጠዋት ከተሻለው ማንም ወደ ሐኪም አይወስደውም። ስለዚህ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በአብዛኛው መግል የታየበት ጆሮ ነው፤ ያልፈሰሰው ሳይቆጠር ይቀራል።

ምን ይከላከላል?

ከመስፈርቱ ባሻገር በሽታው ራሱም ቀንሷል። ትልቁ ምክንያት የኒሞኮከስ ክትባት፣ በጤና ባለሙያዎች አጠራር ፒሲቪ፣ ነው። አሜሪካ በ2000 ጀመረችው፤ በ2010 ተጨማሪ የባክቴሪያ ዝርያዎችን ወደሚሸፍነው ዞረች። ኢትዮጵያ ያስገባችው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማለትም እ.አ.አ. በ2011 ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የመጣው በዋናነት የሳንባ ምችንና ማጅራት ገትርን ለመከላከል ነው፤ ለጆሮ የሚሰጠው ጥቅም በተጓዳኝ የሚገኝ ነው። የጆሮ ኢንፌክሽንን ግን አያጠፋውም፤ ክትባቱ የማይሸፍናቸው የኒሞኮከስ ዝርያዎችና ሄሞፊለስ ክፍት ያገኙትን ቦታ ይይዛሉ። በዚህ ላይ እ.አ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሦስቱንም ዙር የወሰዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። የኩፍኝ ክትባትም አብሮ መታየት አለበት፤ ኩፍኝ ከሚያስከትላቸው ጠንቆች አንዱ የጆሮ ኢንፌክሽን ነውና።

ሁለተኛው ጋሻ የእናት ጡት ነው። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ በ2015 የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ የጠቡ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በጆሮ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው በ43 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ነው። በ2016ቱ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር፤ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር መልካም አሐዝ ነው። ጡጦ የሚጠባ ልጅ ደግሞ በጀርባው ተኝቶ ሲጠባ ወተቱ ወደ ቱቦው ሊያመራ ስለሚችል ቀና አድርጎ ማጥባት ይመከራል።

የሲጋራ ጭስ በሚታፈንበት ቤት የሚያድግ ልጅ ይበልጥ እንደሚታመም በደንብ ተረጋግጧል። በእኛ አገር የሚበዛው የማገዶ ጭስ ነው፤ ከአስር ቤት ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። ጭስ የልጆችን የመተንፈሻ አካላት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ የመካከለኛው ጆሮ ሕመም የሚነሳውም ከእነዚሁ አካላት ነው። የሕፃናት ማቆያም ሌላ አጋላጭ ነው፤ ብዙ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሲውሉ ጉንፋኑን ይቀባበሉታል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚኖሩና በሁለት ሥራ የሚሮጡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች «አገር ቤት እንዲህ አልነበረም» የሚሉት በከፊል በዚህ የተነሳ ነው፤ በአያት ጀርባ ታዝሎ የሚውል ልጅ በቀን የሚያገኛቸው ልጆች ጥቂት ናቸው። በትውልድ የሚመጡ ምክንያቶችም አሉ፤ ላንቃው የተሰነጠቀ ወይም ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ቱቦው በአግባቡ ስለማይከፈት በተደጋጋሚ ይታመማል።

የሚያልፈው፦ መድኃኒት ይሰጥ ወይስ ይጠበቅ?

አጣዳፊው ኢንፌክሽን ለአስርት ዓመታት ያከራከረ ሕመም ነው። ከአንቲባዮቲክ በፊት መግሉ አንዳንድ ጊዜ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው አጥንት፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይዘልቅ ነበር፤ ልጆችም ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ፔኒሲሊንና ተከታዮቹ ሲመጡ ለእያንዳንዱ የታመመ ጆሮ መድኃኒት ማዘዝ ደንብ ሆነ። በአሜሪካ ለልጆች በብዛት አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ለዚህ ሕመም ነው።

ልማዱን ቀድመው የጠየቁት ሆላንዶች ናቸው። ቫን ቡኸም የተባለ የሆላንድ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ አንቲባዮቲክ ያልተሰጣቸው ልጆች አብዛኞቹ መድኃኒቱን እንደወሰዱት ልጆች መዳናቸውን አሳየ። በ1990 የአገሪቱ የጠቅላላ ሐኪሞች መመሪያ ሕመሙን በማስታገሻ እያቀለሉ መጠበቅን የመጀመሪያው እርምጃ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀሙ ጥናቶች ድምር ውጤት ይህን ይመስላል፦ አንቲባዮቲክ ቢሰጥም ባይሰጥም ከልጆቹ 60 በመቶ ያህሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ይተዋቸዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አንድ ተጨማሪ ልጅ ከሕመም ለመገላገል 20 ልጆች መድኃኒቱን መውሰድ አለባቸው፤ ከ14 አንዱ ደግሞ በመድኃኒቱ ሳቢያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል ወይም ቆዳው ላይ ሽፍታ ይወጣበታል።

የአሜሪካው አካዳሚ መጠበቅን እንደ አማራጭ እ.አ.አ. በ2004 ተቀበለ። ዕድሜው ከስድስት ወር በታች የሆነ፣ ትኩሳቱ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ የደረሰ፣ ብርቱ ሕመም ያለበት፣ ጆሮው የፈሰሰ፣ ወይም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሁለቱም ጆሮዎቹ የተያዙ ልጅ ወዲያው መድኃኒት ይጀምራል። ለሌሎቹ ማስታገሻ ተሰጥቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይጠበቃል። ውጭ አገር የሚኖር ወላጅ ልጁን ይዞ ሄዶ «ለሁለት ቀን እናየዋለን» ሲባል ችላ የተባለ የሚመስለው የዚህን ታሪክ ስለማያውቅ ነው።

ይህ ምክር እንዳለ ተገልብጦ ለገጠር ኢትዮጵያ አይሠራም። መጠበቅ የሚቻለው ታምቡሩ ከታየና ልጁ ካልተሻለው ተመልሶ እንደሚመጣ እርግጠኛ ከተሆነ ነው። ጤና ጣቢያ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ በእግር የምትጓዝ እናት ከሁለት ቀን በኋላ እንድትመለስ ማዘዝ ትርጉም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ኢትዮጵያም የምትጠቀምበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ለአጣዳፊ የጆሮ ኢንፌክሽን በቀጥታ ለአምስት ቀን አሞክሳሲሊን እንዲሰጥ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመግሉ በኋላ ደግሞ ድምፅ የሌለው ፈሳሽ ይቀራል። ሕመም የለውም፣ አያተኩስም፤ ግን ከታምቡሩ ጀርባ ሆኖ ድምፅ ያፍናል። በአሜሪካ ከልጆች 90 በመቶው ለትምህርት ከመድረሳቸው በፊት በሆነ ጊዜ ይህ ፈሳሽ ይኖርባቸዋል፤ የአብዛኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ይጠፋል። ሲቆይ ልጁ የሚሰማው ጆሮውን በጣት የደፈነ ያህል ነው። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ ቴሌቪዥን ያስጮኻል፣ አስተማሪው «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይለዋል። በሀብታሞቹ አገሮች ፈሳሹ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ መስማትን ሲጎዳ ታምቡሩ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቱቦ ትተከላለች። ቢቨርሊ አርምስትሮንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1954 ያስተዋወቀው ይህ ሕክምና በአሜሪካ በልጆች ላይ በብዛት ከሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆኗል።

የማያልፈው፦ የሚፈስ ጆሮ

አንዳንድ የተበሳ ታምቡር ግን አይደፈንም። መግሉ ይደርቅና ጉንፋን ሲመጣ እንደገና ይፈሳል፤ ወይም ጨርሶ ሳይደርቅ ይከርማል። በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር በተበሳ ታምቡር በኩል ከሁለት ሳምንት በላይ የፈሰሰ ጆሮ ሥር ሰድዷል። ድርጅቱ እ.አ.አ. በ2004 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ጆሯቸው የሚፈስ ሰዎች ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን እንደሚደርሱ፣ ከእነሱም 60 በመቶው መስማታቸው በጉልህ እንደተጎዳ ገምቷል። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከ100 ሰው ከ4 በላይ ሲይዝም አስቸኳይ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ይላል።

ችግሩ የኑሮ እንጂ የአየር ጠባይ እንዳልሆነ አውስትራሊያ ጥሩ ምስክር ናት። በሰሜናዊቷ ግዛት ራቅ ባሉ የአቦሪጂን መንደሮች ከ6 እስከ 30 ወር ያሉ ሕፃናት ሲመረመሩ ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ጤነኛ የሆኑት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሪቱ ሀብታም ናት፤ እነዚያ ቤቶች ግን ጠባብና የተጨናነቁ፣ ውሃና ንጽህና የጎደላቸው ናቸው። ባክቴሪያው ሕፃኑን ገና በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገኘዋል።

በኢትዮጵያ ለሚፈስ ጆሮ ቀድሞ የሚደርስለት የቤት ውስጥ ሕክምና ነው። ሞቅ ያለ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ ጤና አዳም ወይም የጡት ወተት ይጨመርበታል፤ በክብሪት እንጨት ወይም በላባ ይጠረጋል። ታምቡሩ በተበሳ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ነገር በቀጥታ መካከለኛው ጆሮ ይደርሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አሞክሳሲሊን ነው፤ ለሥር ሰደዱ ጆሮ ግን በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የሚፈይደው ጥቂት ነው። የበለጠ የሚሠራው ጆሮውን አድርቆ ጠብታውን እዚያው ማድረስ ነው።

የተቀናጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ለእናቶች የሚያስተምረው አደራረቅ ቀላል ነው። ንጹሕና ውሃ የሚመጥ ስስ ጨርቅ ወይም ጠንካራ ሶፍት ተጠቅልሎ እንደ ክር ይሾላል። ጆሮው ውስጥ ይገባል፤ ሲርስ ወጥቶ ይጣልና በሌላ ደረቅ ይተካል፤ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ይደጋገማል። ይህ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ በባለሙያ የታዘዘ፣ ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት፣ የጆሮ ጠብታ ለሁለት ሳምንት ይንጠባጠባል። ያገኙትን ጠብታ ሁሉ መጠቀም ግን አይገባም፤ አንዳንዱ ታምቡሩ ከተበሳ የውስጠኛውን ጆሮ ይጎዳል።

ይኸው መመሪያ የታመመ ልጅ ለሚያይ ጤና ባለሙያ ጥቂት ጥያቄዎችን ያስቀምጣል፦ ልጁ ጆሮውን ያመዋል? ይፈስሰዋል? ከፈሰሰው ስንት ቀን ሆነው? ከዚያ ከጆሮው ጀርባ በጣት ይዳሰሳል። ጆሮው መፍሰስ ከጀመረ ከ14 ቀን በታች ከሆነ አጣዳፊ ነው፤ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥር ሰድዷል። ከጆሮው ጀርባ ሲነኩት የሚያም እብጠት ካለ ግን የቀኑ ቁጥር አይጠበቅም። ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ገብቷልና ልጁ የመጀመሪያውን መድኃኒት ወስዶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይላካል። የአንገት መገተር፣ መንቀጥቀጥ፣ የፊት በአንድ በኩል መጣመም ወይም ያልተለመደ ድብታም እንዲሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

ዋጋው የሚከፈለው የት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንዳስታወቀው በልጅነት ከሚመጣ የመስማት ጉዳት 60 በመቶው ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ከጠቅላላው 31 በመቶው ደግሞ እንደ ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትርና የሚፈስ ጆሮ ካሉ ኢንፌክሽኖች የሚመጣ ነው። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስቶች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች በተሰበሰቡበት አገር የተበሳ ታምቡር በቀዶ ሕክምና ማስጠገን ለብዙው ሰው የማይደረስበት ነው። ያልተደፈነው ታምቡር ልጁን ተከትሎ ትምህርት ቤት ይገባል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ግማሹን ትምህርት የማይሰማ ተማሪ ደካማ ይባላል እንጂ ጆሮው አይመረመርም።

ሕመሙ የተለመደ መሆኑ በሁለቱም ወገን አሳስቷል። አንዳንድ ቦታ እያንዳንዱ ትኩሳትና ልቅሶ በአንቲባዮቲክ ይመለሳል፤ በሌላው ቦታ ለወራት የሚፈስ ጆሮ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ሌሊት ያስለቀሰ ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ይተወዋል። ሁለት ሳምንት የፈሰሰው ግን የሚተወው ሲታከም ነው፤ ለዚህም ልጁን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ ንጹሕ ጨርቅና የሁለት ሳምንት ጠብታ ያስፈልገዋል፤ ጤና ጣቢያዎችም ጠብታውን ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያቸው ላይ ሊያኖሩት ይገባል።